ሁለተኛ ገዢ ሲመጣ፦ የሌላ ቀጣሪ ደብዳቤ ይዞ ጭማሪ ስለመጠየቅ



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ደመወዝ ድርድር እንድናገር ሲጋብዙኝ ርዕሱን አጥብቤ አንድ ጉዳይ ብቻ እንድይዝ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ጉዳዩ ይህ ነው፦ አንድ ሠራተኛ ከሌላ መሥሪያ ቤት የቅጥር ደብዳቤ፣ እናንተ እንደምትሉት «ኦፈር»፣ በእጁ ይዞ ወደ አለቃው ይገባና «እነሱ ይህን ያህል ሊከፍሉኝ ነው፤ እናንተስ?» ይላል። መቼ ያዋጣዋል? መቼ ይጎዳዋል? እኔ ረጅም ዘመን በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን ንግግር የሰማሁት በአብዛኛው ከጠረጴዛው ወዲያኛው ወገን ተቀምጬ ነው። ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች አላችሁ፤ ጠያቂዎቹም ተጠያቂዎቹም። ለሁለታችሁም የማይጥም ነገር መናገሬ ስለማይቀር ከወዲሁ ታገሡኝ።

ከስሜቱ ልጀምር። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ገና የአለቃውን በር ሳያንኳኳ ነውና። ጭማሪ መጠየቅ ስስት ይመስለናል። ሌላ ቦታ ማመልከት ደግሞ እንጀራ የበላንበትን ቤት መክዳት ይመስለናል። «ምን ይሉኛል» እያልን ዓመታት ከቆየን በኋላ አንድ ቀን መልቀቂያ ጽፈን እንወጣለን፤ አለቃውም «ምነው ሳትነግረኝ?» ብሎ ያዝናል። ይህን ሐዘን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የውሸት አይደለም። ይሉኝታው ሁለቱንም ጎዳ ማለት ነው። ለመሆኑ ታማኝነትን ከዝምታ ጋር ያዛመደው ማነው? በቀድሞው ዘመን ሎሌ ጌታው በቅጡ ካልያዘው ሌላ ጌታ ዘንድ ሄዶ ያድር ነበር፤ ጌቶችም ይህን ስለሚያውቁ እጃቸውን ይፈቱ ነበር። ደጅ ጥናት የምንለው ነገር እንኳ ዝም ብሎ መቆም አልነበረም፤ ሰውየው የሚቆመው መቆሙ እንዲታይለት ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው አባባል ከዚያ ዓለም የመጣ ነው፤ ሹመት እንኳ በመናገር ይገኝ ከነበረ ደመወዝን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ምኑ ነውር ይሆናል?

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የኦፈር ኃይል የሚመጣው ከወረቀቱ አይደለም፤ ለሙያችሁ ሁለተኛ ገዢ ከመኖሩ ነው። እንግሊዛዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆአን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ተንትናለች፦ ገዢው አንድ ብቻ በሆነበት የሥራ ገበያ ሠራተኛው ከሚያስገኘው ዋጋ ያነሰ ይከፈለዋል። ቀጣሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሠራተኛው መሄጃ ስለሌለው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የቴሌኮሙን ዘርፍ እንመልከት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በዚህ አገር ሙሉ የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት አንድ ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ኔትወርክ የሚያውቅ፣ ሽያጭ የሚያውቅ፣ የደንበኛ አገልግሎት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሁለተኛ በር አገኘ። በዚያ በር ያልገባው ሰው እንኳ የመደራደር አቅሙ ጨመረ፤ በሩ መኖሩ ብቻ ይበቃል።

የባንኩ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስተምራል። ታኅሣሥ 1967 የግል ባንኮች ከተወረሱ ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የባንክ ሠራተኛ ቀጣሪው መንግሥት ብቻ ነበር። በ1986 የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የግል ባንክ ፈቀደ፤ በ1987 አዋሽ ባንክ ተቋቋመ፤ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረት፣ ንብ በየተራ ተከተሉ። እነዚህ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ የሚያውቅ፣ ብድር የሚመዝን፣ ካዝና የሚያስተዳድር ሰው ከየት ያምጡ? ያለው በመንግሥት ባንኮች ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ደመወዝ ጨምረው ወሰዱ። ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በቅርቡ ነው። በ2013 እና በ2014 አዳዲስ ባንኮች ተከታትለው በራቸውን ከፈቱ፤ አማራ ባንክ ብቻውን ሰኔ 2014 ሥራ የጀመረው በአንድ ቀን ከ70 በላይ ቅርንጫፎች ከፍቶ ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋል፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አይወጣም። በዚያን ሰሞን ልምድ ያለው የባንክ ባለሙያ ስልኩ ዕረፍት አልነበረውም። ታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል፤ ሦስተኛው ማዕበል የሚመጣ ከሆነ በዚህ በኩል ይመጣል።

ይህን የሁለተኛ ገዢ ኃይል ከሠራተኛው ይልቅ ቀጣሪው ያውቀዋል። ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ አለላችሁ። አፕል፣ ጎግል፣ ኢንቴል፣ አዶቤና ሌሎችም አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ደውሎ እንዳይጋብዝ ከበስተጀርባ ተስማምተው ነበር። ስቲቭ ጆብስ ራሱ ጎግል ከአፕል ሰው ለመውሰድ ሲሞክር በኢሜይል ቅሬታውን ለጎግል አለቆች ይገልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ስምምነቱም ቆመ። ሠራተኞቹ በጋራ ከሰሱና እ.ኤ.አ. በ2015 አራቱ ኩባንያዎች 415 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሏቸው ተስማሙ። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት አንድን የስልክ ጥሪ እንዲህ የፈሩት ለምን ይመስላችኋል? ጥሪው አንድ መሐንዲስ ስለሚወስድባቸው ብቻ አልነበረም። የተጠራው ሰው ዋጋውን ያውቃል፤ ለጎረቤቱም ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ጭማሪው በአንድ ሰው አይቆምም።

ይኸው ፍርሃት የእናንተም አለቃ ዘንድ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሠራተኛ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ደብዳቤውን ስታቀርቡለት አለቃው በልቡ ሦስት ነገር ያስባል። የመጀመሪያው «ወረቀቱ እውነት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በእርግጥ ይሄዳል?» የሚል ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ግን «ለዚህ ሰው ከጨመርኩ ለሌሎቹ አሥሩ ምን እላቸዋለሁ?» የሚለው ነው። ለአንድ ሰው አምስት ሺህ ብር መጨመር መሥሪያ ቤቱን አያፈርስም፤ በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ አሥር ሰዎች አንዱ ከእነሱ በላይ እንደሚከፈለው ሲሰሙ ግን ቢሮው ይታወካል። የተወሰነ የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ስኬል፣ ባለበት ቤት ደግሞ አለቃው ቢፈልግም በአንድ ደረጃ ላይ ያሻውን እርከን መስጠት አይችልም፤ የሰው ኃይል ክፍሉ፣ ኤችአር የምንለው፣ ይመልስበታል።

ስለዚህ ብልህ ጠያቂ ለአለቃው ምክንያት ይዞለት ይገባል። «ደመወዜን ጨምሩልኝ» ከማለት «የምሠራው ሥራ ከደረጃዬ በላይ ሆኗል፤ ደረጃዬ ይታይልኝ» ማለት በብዙ እጥፍ ይሻላል። የደረጃ ዕድገት ሲሰጥ አለቃው ለአሥሩ የሚነግራቸው መልስ አለው። የሥራ መደቡ ስያሜ ሲለወጥ፣ ኃላፊነት ሲጨመር፣ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ሲቻል፣ የውክልና አበል ወይም የነዳጅ አበል ሲታሰብ ስኬሉ ሳይነካ ገንዘቡ ይመጣል። አለቃው እምቢ ያለ ቢመስላችሁም ብዙ ጊዜ «እንዴት አድርጌ ልስጥ?» ብሎ የተቸገረ ሰው ነው። ያን መንገድ አስቀድማችሁ ብታስቡለት ጠበቃችሁ ይሆናል፤ ለበላዮቹ የሚከራከርላችሁ እሱ ነውና።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ «በእርግጥ ይሄዳል?» ወደሚለው። መርካቶ ገብታችሁ ጨርቅ ስትገዙ ዋጋው አልሆን ሲል ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ነጋዴው ከኋላ ይጣራል፤ «ና ተመለስ፣ ውሰደው!» ይላል። ነገር ግን ለሁሉም አይጣራም። እግሩ ወደፊት ልቡ ወደኋላ የሆነውን ሰው ከርምጃው ያውቀዋል፤ ዘወር ብሎ እስኪመለስ ሻዩን ይጠጣል። አለቃም እንደዚሁ ነው። ደብዳቤው የሚሠራው ለመሄድ በቆረጠ ሰው እጅ ላይ ብቻ ነው። እምቢ ቢሉኝ በማግስቱ እሄዳለሁ ብላችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተመካክራችሁ፣ ሒሳባችሁን ሠርታችሁ፣ ልባችሁ ካረፈ ግቡ። ካልቆረጣችሁ አትግቡ፤ «መልካም ዕድል፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ሲሏችሁ ወይ በማትፈልጉት መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ወይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ወንበራችሁ ላይ ትመለሳላችሁ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ደብዳቤ ብታመጡም የሚያምናችሁ የለም።

ሌላ የመሥሪያ ቤት ስም ጠቅሶ ያልተሰጠውን ኦፈር ማውራትማ ከነጭራሹ አይታሰብ። በአዲስ አበባ የባንክ ሰው፣ የኢንሹራንስ ሰው፣ የመንገድ ተቋራጭ ሰው በሰርግም በለቅሶም ይገናኛል። የሁለት መሥሪያ ቤት የኤችአር ኃላፊዎች አብሮ አደግ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ስልክ ይበቃል።

ለመሆኑ ኦፈር የሚባለው ምኑ ነው? «ና እኛ ጋ፣ እንጨምርልሃለን» የሚል የቀድሞ ባልደረባ ስልክ ኦፈር አይደለም። የፈተናና የቃለ መጠይቅ ማለፍም አይደለም። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ ጥቅማ ጥቅሙና የመጀመሪያው ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው ኦፈር። ማኅተሙ ከመጣ በኋላም ቢሆን ዋስ፣ የጤና ምርመራ፣ የጣት አሻራና ክሊራንስ ሳይሟላ ውሉ ላይጸና ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ወንበራቸውን የለቀቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አንድ የእኛ አገር ጠባይ እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይገልጻል። ለሠራተኛው የተሰጠ መብት ነው፤ ጎኑ ግን ሁለት ነው። አዲሱ ቀጣሪ የአሁኑን ደመወዛችሁን ከማስረጃው ላይ ያነባል፤ ከዚያም ገበያው የሚለውን ትቶ በዚያ ላይ ጥቂት ጣል አድርጎ ያቀርብላችኋል። ዝቅ ብሎ የተቀጠረ ሰው ሦስት ቦታ ተዘዋውሮም ዝቅ እንዳለ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ማስረጃው ከመጠየቁ በፊት የሥራ መደቡን ደመወዝ ራሳችሁ መጠየቅ ነው፤ «ለዚህ መደብ የመደባችሁት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ደግሞም የሥራ ልምድ ስትጠይቁ የአሁኑ መሥሪያ ቤታችሁ ጆሮውን ያቆማል። ይህን የማይወድ ሰው ማስረጃውን በየጊዜው፣ ምንም ሳይኖር፣ እያወጣ ያስቀምጥ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ እርሳስ ያላችሁ አውጡ። አንዲት የባንክ ባለሙያ ደመወዟ 40 ሺህ ብር ነው እንበል፤ ሌላ ቦታ 60 ሺህ ቀርቦላታል። ሃያ ሺህ ጭማሪ! በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ የሚያዋጣው ደግሞ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ በ40 ሺው ግብሯ 11,950፣ ጡረታዋ 2,800፤ እጇ የሚገባው 25,250 ነው። በ60 ሺው ግብሯ 18,950፣ ጡረታዋ 4,200፤ እጇ የሚገባው 36,850። ሃያ ሺው በመንገድ ላይ 11,600 ሆነ። በዚህ የገቢ እርከን ላይ እያንዳንዱ የአንድ ሺህ ብር ጭማሪ ኪስ የሚደርሰው 580 ብር ሆኖ ነው።

ይህችው ባለሙያ ከባንኳ የሠራተኛ የቤት ብድር ወስዳለች እንበል፤ የቀረባት ዕዳ 2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ወለዱ ለሠራተኛ ስለሆነ 5 በመቶ ነው። ስትለቅ ውሉ ወለዱን ወደ ገበያው ዋጋ፣ 17 በመቶ እንበል፣ የሚያወጣው ከሆነ ልዩነቱ በዓመት 240 ሺህ፣ በወር 20 ሺህ ብር ነው። የወር ጭማሪዋ 11,600፤ የወር ወለድ ጭማሪዋ 20 ሺህ። በ«ዕድገት» ምክንያት በየወሩ 8,400 ብር ትከስራለች ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አዲሱ ባንክ ብድሩን በሠራተኛ ወለድ ልረከብ ካለ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ግን ይህ ራሱ መደራደሪያ ነው፣ በጽሑፍም መስፈር አለበት። የብድር ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙዎቻችሁ ከፈረማችሁበት ቀን ወዲህ አላያችሁትም።

ሌላም አለ። ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ የቆየ ሰው ወደ ሌላ ቀጣሪ ሲዛወር ወደ ሙከራ ጊዜ ይገባል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልሆንከንም ካሉት ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ያሰናብቱታል። የዓመት ፈቃድም ከመነሻው ይጀምራል፦ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው 21 ቀን የነበረው ተመልሶ 16 ይሆናል። ልጅ ያላችሁ ይህን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። የሙከራ ጊዜው እንዲያጥር ወይም እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ስታሰሉ አሁን ያላችሁበት ቤት ጭማሪ ባይሰጥም የሚተመን ነገር እንዳለው ታውቃላችሁ። ያኔ ለአለቃችሁ የምታቀርቡት ጥያቄ ከወረቀቱ ቁጥር ጋር እኩል መሆን እንደሌለበት ይገባችኋል። 60 ሺህ የተሰጣት ያቺ ባለሙያ ለመቆየት 60 ሺህ አያስፈልጋትም፤ 48 ሺህ እና የደረጃ ዕድገት ይበቃት ይሆናል። ለመቆየት የሚበቃችሁን ቁጥር ሳታውቁ ከገባችሁ የምትደራደሩት በሌላ ሰው ቁጥር ነው።

አነጋገሩስ? ሰው ፊት አይሁን፤ በስልክ መልእክትም አይሁን። ቀጠሮ ጠይቃችሁ ብቻችሁን ግቡ። በእኔ ጆሮ ጥሩ ሆኖ የተሰማኝ አባባል ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ነው፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ከሌላ ሰው ሳይሰሙት ራሴ ልንገርዎ ብዬ ነው። ሌላ ባንክ ሥራ አቅርቦልኛል፤ ደብዳቤው ይኸው። ልሄድ እችላለሁ። ግን እዚህ የጀመርኩት የብድር ክፍሉ ሥራ አለ፤ ደረጃዬ ከሥራዬ ጋር ቢስተካከልልኝ መቆየት እመርጣለሁ። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።» አራት ነገር አለበት፦ አክብሮት፣ እውነት፣ ጥያቄና ቀን። ዛቻ የለበትም። «ካልጨመራችሁልኝ...» የሚል ቃል ከአፍ ሲወጣ አለቃው የሚያስበው ስለ ደመወዝ አይደለም፤ ስለ ክብሩ ነው። እኛ ዘንድ ክብሩ የተነካ አለቃ በጀት ቢኖረውም አይሰጥም።

ከዚያ ዝም በሉ። እውነቴን ነው። ብዙ ሰው በሚከተለው ዝምታ ይጨነቅና የራሱን ጥያቄ ራሱ ያወርደዋል፤ «ለነገሩ ግማሹም ቢሆን...» ይላል። አለቃው ገና አፉን አልከፈተም።

መልሱ «እንነጋገርበታለን» ከሆነ ቀኑን ጠይቁ። «የሚቀጥለው በጀት ዓመት ላይ አንተን አንረሳህም» ከሆነ እንደ እምቢታ ቁጠሩት፤ አለቃው ከልቡ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን በሐምሌ እሱ ራሱ በዚያ ወንበር ላይ ስለመኖሩ ምን ዋስትና አላችሁ? እሺ ካሏችሁ ደግሞ በደብዳቤ ተቀበሉ፤ የደረጃ ዕድገቱ የሚጸናበት ቀን ተጽፎ እጃችሁ ሳይገባ ለሌላው ቀጣሪ እምቢ አትበሉ። እጃችሁ ከገባ በኋላ ግን በዚያው ቀን ለዚያኛው ቀጣሪ አመስግናችሁ አሳውቁ፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት አንጠልጥላችሁ አታስቀሩት። ውል ከፈረማችሁለት በኋላ መመለስ ግን ነውር ነው፤ ይህን በግልጽ እላለሁ። ድርድር ከፊርማ በፊት ነው።

መንገዱ የማያስኬዳቸው ሰዎችም አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደመወዙ በስኬል የተወሰነ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ቢወደውም ከስኬሉ ውጪ አንዲት ብር አይጨምርለትም፤ እሱ ደብዳቤውን ለመሄድ ይጠቀምበት እንጂ ለመደራደር አያውለው። መሥሪያ ቤቱ አሠልጥኖት የማገልገል ግዴታ የፈረመ ሰው መጀመሪያ የግዴታውን ገንዘብ ያስላ። ገና ዓመት ያልሞላውም ይቆይ። በየዓመቱ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣም አለ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ኤችአር ምትኩን ማፈላለግ ጀምሯል።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልዙር፤ ከፊት የተቀመጣችሁት ማለቴ ነው። ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ በመምጣቱ ትቆጣላችሁ። ግን ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ምን አላችሁት? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያውም ተከተለ። በዚያን ጊዜ ስኬላችሁን ከፍታችሁ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ማፈራችሁን አልወድም። በግል ዘርፍ በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ የለንም፤ ስለዚህ ለሠራተኛው ዋጋውን የሚነግረው ብቸኛ ምልክት የሌላው ቤት ደብዳቤ ሆኗል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል፤ ወርቅነቱን ጎረቤት ሲነግራችሁ ብቻ የምትጨምሩ ከሆነ ሠራተኞቻችሁን ሁሉ ወደ ጎረቤት እየላካችኋቸው ነው። ደብዳቤ ያመጣ ብቻ የሚጨመርለት ቤት ደብዳቤ ያላመጣውን ዝምተኛ ሠራተኛ ይቀጣል፤ ዝምተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራውን የተሸከመው ሰው ነው። ሴቶች በዚህ የበለጠ እንደሚጎዱ ከፋይሎች አይቻለሁ፤ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠረው እነሱ ላይ ነውና።

የምመክራችሁ ቀላል ነገር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሥራ መደቦቻችሁ ሌሎች ምን እንደሚከፍሉ አጣሩ። የለቀቀ ሰው ሲወጣ ብቻ «ለምን?» አትበሉት፤ ሁለት ዓመት የሞላውን ሁሉ «ምን ቢቀርብልህ ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቆየውን ሰው አዲስ ከሚቀጠረው በታች አትክፈሉት። እኔ ካየሁት ሁሉ ሠራተኛን የሚያንገበግበው የሌላ ባንክ ደመወዝ አይደለም፤ ራሱ ያሠለጠነው አዲስ ገቢ ከእሱ በላይ እየተከፈለው መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ድርድሩ ካልተሳካና የምትሄዱ ከሆነ በሕጉ ውጡ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ይህን ሳያደርግ የወጣ ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ካሳውም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ስለዚህ አዲሱ ቀጣሪ «ሰኞ ጀምር» ሲላችሁ የ30 ቀኑን ጉዳይ ከወዲሁ ንገሩት፤ ሥራችሁን በሥርዓት አስረክባችሁ የምትወጡ ሰዎች መሆናችሁንም ያይበታል። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ ቀሪው ሒሳባችሁ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ክሊራንሱን ራሳችሁ ከክፍል ክፍል እየዞራችሁ አስጨርሱ፤ ሌላ ሰው አይዞርላችሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል፦ የሥራ መሪ ተብላችሁ የተመደባችሁ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች ጭምር ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናችሁም፤ የሚገዛችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፈረማችሁት ውል ነው። በውላችሁ ላይ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ከ30 ቀን ረዝሞ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ለአዲሱ ቀጣሪ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳዩ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ግን አትጥሩ፣ አለቃችሁ ከኋላ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።